ዘጠኝ ክፍል ያለው ቀን

በሲ ቋንቋ ማሽንን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብትሉት ቀኑን አይነግራችሁም፤ ቀኑ የት እንደተቀመጠ ይጠቁማችኋል። የሚመልስላችሁ የሜሞሪ አድራሻ ነው። ወደዚያ አድራሻ ስትሄዱ ጎን ለጎን የተደረደሩ 9 ክፍሎች ታገኛላችሁ፦ ሰከንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የሳምንቱ ቀን፣ ከዓመቱ መጀመሪያ የተቆጠረ ቀን፣ በመጨረሻም ሰዓቱ ለበጋ ወደፊት ተገፍቶ እንደሆነ የሚናገር ምልክት። የክፍሎቹ ስብስብ «ስትራክት ቲኤም» ይባላል፤ አድራሻው ፖይንተር ነው። ቴፒ ላይ ፖይንተርን ከስትራክቸር ጋር አጣምሬ ሳስተምር የምጀምረው በዚህ ነው። መማሪያ መጻሕፍቱ የሚወዱት «የተማሪ ስምና ውጤት» የተባለ ምሳሌ አለ፤ እሱ ታሪክ የለውም፣ ይህኛው ግን አለው።

ተወልጄ ያደግሁት ከማጂ ደጋ ላይ፣ ቱም ነው። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ ኮምፒውተር መማር ያማረው የቱም ልጅ ጅማ ወይም አዲስ አበባ መውጣት ነበረበት። ቱም ላይ የበጋ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ከክረምት እስከ በጋ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ 9ኛዋ ክፍል እኛ ዘንድ ዕድሜ ልኳን ዜሮ ናት። እንዲህ ያለች ክፍል በሁሉም የኢትዮጵያ ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ ይዛ ስትቀመጥ ጳጉሜን ደግሞ ቦታ አጥታለች። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ። የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ሣጥኑን ተሸክሞ አይዞርም፤ የሚሰጠው ቁጥሩን ነው። ስትራክቸሩ ሣጥኑ፣ ፖይንተሩ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ለ10 ሰው ብትሰጡ 10 ሣጥን ተሠራ ማለት አይደለም፤ ሁሉም የሚከፍቱት ያንኑ አንዱን ነው። የዚህ መዘዝ ቡናው ዘንድ ስንደርስ ይታያል።

አድራሻን ራሱን እንደ ማንኛውም ዋጋ በተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አይቢኤም ባዘጋጀው ፒኤል/ዋን በተባለው ቋንቋ ውስጥ ወግ ማዕረጉን አገኘ። ለዚህ ስሙ የሚነሳው ሃሮልድ ላውሰን ነው። ዛሬ ተማሪዎቼ በሰረዝና በብልጫ ምልክት የሚሠሯት ቀስት (->) ፒኤል/ዋን ውስጥ ነበረች። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ዴኒስ ሪቺ የኬን ቶምሰንን «ቢ» ቋንቋ አሻሽሎ ሲን ሲሠራ መጀመሪያ ላይ ስትራክቸር አልነበረም። ቶምሰን በ1972 እ.ኤ.አ. ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና በዚያች ገና ያልጠናች ሲ ለመጻፍ ሞክሮ ተወው። በዓመቱ ስትራክቸር ገባ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. በጋ ላይ የዩኒክስ እምብርት ፒዲፒ-11 በተባለችው ማሽን ላይ በሲ እንደገና ተጻፈ። ያለ ስትራክቸር ያልሆነው ሥራ በስትራክቸር ሆነ። ፋይል፣ ሂደት፣ ተጠቃሚ፣ ሁሉም በአንድ ስም የተጠቀለለ የክፍሎች ስብስብ ሆነና በአድራሻው መጠራት ጀመረ።

ሲን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው የዚያ ዘመን ኮምፓይለር ግን ሕግ አጥባቂ አልነበረም። ከቀስቷ በስተግራ ያለው አድራሻ በእርግጥ የዚያ ስትራክቸር አድራሻ መሆኑን አይመረምርም። የክፍል ስም ለእሱ «ከመነሻው ይህን ያህል ርቀህ ሂድ» ከማለት የዘለለ ትርጉም አልነበረውም። የሁሉም ስትራክቸሮች የክፍል ስሞች በአንድ ጎተራ ይገቡ ስለነበር ሁለት ስትራክቸሮች «ሰዓት» የሚል ክፍል ካላቸው ይጋጫሉ። ለዚህ ነው የቀኑ ክፍሎች እስከ ዛሬ «ቲኤም» የሚል ቅጥያ ከፊታቸው አንጠልጥለው የሚሄዱት። ግጭቱ ከቀረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቅጥያው ግን አለ። ተማሪዎቼ «ለምን?» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ሰው የሠራው ነገር መሆኑ የሚገባቸው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው። በ1971 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ 60ኛ እጅ ነበር፤ መነሻውም የዚያው ዓመት የፈረንጆች ጥር 1 ነው። 32 ቢት ያለው ቁጥር በዚህ አቆጣጠር በ828 ቀን ገደማ ይሞላል። ስለዚህ መነሻውን እየገፉ ሲቸገሩ ቆይተው በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው 4ኛው እትም ሙሉ ሰከንድ መቁጠር ያዙ፤ መነሻውም ጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ሆነ። በእኛ ሲሰላ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ የሚቆጥረው ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ነው።

የተቆጠረው ሰከንድ ለሰው ሲተረጎም መጀመሪያ የሚመጣው የ9 ቁጥሮች ድርድር ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው 6ኛው እትም 3ኛው ቁጥር ሰዓት፣ 5ኛው ወር መሆኑን የምታውቀው መመሪያውን በቃልህ ስለያዝክ ብቻ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. 7ኛው እትም ሲመጣ ያው 9 ቁጥር ስም ወጣለትና ስትራክት ቲኤም ሆነ፤ ሰከንዱን የሚተረጉመው ተግባርም የስትራክቸር ፖይንተር መመለስ ጀመረ። ሌላም ቅርስ ቀርቷል፦ ሰከንዱን ለትርጉም ስትሰጡት ቁጥሩን ሳይሆን የቁጥሩን አድራሻ ነው የምትሰጡት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በ16 ቢቷ ማሽን ላይ የቀድሞዋ ሲ 32 ቢት የሚይዝ የቁጥር ዓይነት ስላልነበራት ጊዜው በሁለት ተቀጣጣይ ቁጥሮች ተከፍሎ ይቀመጥ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ማቀበል የሚቻለው በአድራሻቸው ነው። ዛሬ አንዱ ቁጥር ይበቃል። አድራሻው ግን አሁንም ይጠየቃል፣ ተማሪውም አሁንም ይረሳዋል።

በ1978 እ.ኤ.አ. ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ ያሳተሙት የሲ መጽሐፍ ስለ ስትራክቸር በሚያስተምርበት 6ኛ ምዕራፉ የመረጠው ምሳሌ ቀን ነበር፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን፣ የወር ስም። በ1988 እ.ኤ.አ. እትሙ ሲታደስ ምሳሌው በነጥብና በአራት ማዕዘን ተተካ፤ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የወሮቹ ርዝመት የሰፈረበት ሠንጠረዥ 13 ዓምድ አለው! ደስ አይበላችሁ፤ የመጀመሪያው ዓምድ ዜሮ ነው፣ የወር ቁጥር ከ1 እንዲጀምር ብቻ የገባ። ለወር ስም የተተወው ቦታ ደግሞ 4 ባይት ነው፤ 3 የላቲን ፊደልና የማብቂያ ምልክት። የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዷ ፊደል 3 ባይት ትወስዳለች። ስለዚህ ያ ክፍል መስከረምን ሊይዝ ቀርቶ ከ«መ» አያልፍም። መስከረም በሙሉ 16 ባይት ይፈልጋል። ተማሪዎቼ ይህን ሳይቆጥሩ ስሙን ሲገለብጡ የተረፉት ፊደላት የጎረቤት ክፍል ላይ ይፈስሳሉ። ስትራክቸር ክፍሎቹን በተርታ የሚያስቀምጥ መሆኑን እኔ ከምነግራቸው ይልቅ ይህ ያስተምራቸዋል።

ሠንጠረዡ ራሱ ለእኛ አያስፈልግም። 12ቱ ወር እኩል 30 ነው፤ የቀረው ጳጉሜን ነው፣ 5 ወይም 6። ከዓመቱ ስንተኛ ቀን መሆኑን ለማወቅ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሶ በ30 ማባዛትና ቀኑን መደመር ይበቃል። ፈረንጆቹ የየወሩን ርዝመት በሠንጠረዥ ይይዛሉ፣ እኛ በአንድ መስመር እንጨርሳለን። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ድምፄ ትንሽ ከፍ እንደሚል ተማሪዎቼ ነግረውኛል።

አንድን ዓመት በተርታ ክፍሎች መያዝ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ምንድን ነው? መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ቱም ወርጄ የልጅነት መምህሬን አገኘኋቸውና፣

«የኔታ፣ ዘንድሮን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ዘመኑ ማርቆስ፣ ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፣ መባጃ ሐመር 25» አሉ ሳይተነፍሱ። «ነነዌ ጥር 25 ትገባለች፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። የቀረውን አንተው አውጣው፤ አስተምሬህ የለም እንዴ?»

አስተምረውኛል። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ትደምራለህ፣ 7518 ይመጣል። በ19 ስትገድፈው 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትተህ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ መጥቅዑ 18፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሃል። የክፍሎቹ ቅደም ተከተል የታወቀ ስለሆነ የትኛውም የባሕረ ሐሳብ መምህር ቁጥሮቹን ሲሰማ የትኛው የምን እንደሆነ አይጠይቅም። የየኔታ አቆጣጠር ከ6ኛው የዩኒክስ እትም ይልቅ 7ኛውን ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስም አላቸው።

ከቱም ቁልቁል ኦሞን ተሻግሮ ወደ ሙርሲ አገር ቢወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ ስለ ሙርሲዎች የጊዜ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት የወጣው፣ በአጋጣሚ፣ ከዚያ የሲ መጽሐፍ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሙርሲዎች ጨረቃን በቁጥር ይጠራሉ፤ ሆኖም አሁን ስንተኛው ላይ እንዳሉ ሁለት ሰዎች ላይስማሙ ይችላሉ፣ አለመስማማታቸውም ነውር የለውም፤ ቆይቶ ወንዙና ወቅቱ ያስታርቃቸዋል። ሲ ለዚህ የሚሆን ክፍል የላትም። የወር ክፍል የግድ ከ0 እስከ 11 አንድ ቁጥር መያዝ አለባት፤ «ገና አልተስማማንም» የሚል ቁጥር የለም። እኔ ይህን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ «ሰው ሁሉ ቀን አለው» ብዬ ማስተማር ትቻለሁ።

የእኛን ቀን ወደ ማሽኑ ያስገቡት ሰዎች ሥራ ብዙ አይወራለትም። ዶ/ር ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ያቀረቡት ስሌት ሁለት ቁጥር ላይ ይቆማል፦ 1723856 እና 1461። ሁለተኛው ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የ4 ዓመታት ቀናት ድምር ነው፤ ሉቃስ 6ኛዋን ጳጉሜን ስለሚጨምር። የፈለጋችሁትን ቀን በሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ተርታ የቀን ቁጥር ውሰዱ፤ የዩኒክስ መነሻ ቀን 2440588 ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ቀንሱለት፣ 716732። በ1461 ስታካፍሉት 490 ደርሶ 842 ይተርፋል። 490 በ4 ሲባዛ 1960፣ ከ842 ውስጥ ደግሞ 2 ሙሉ ዓመት ወጥቶ 112 ቀን ይቀራል፤ ዓመቱ 1962 ሆነ። 112ን በ30 ስታካፍሉ 3 ወር አልፎ 22 ቀን፤ 4ኛው ወር፣ 23ኛው ቀን። ታኅሣሥ 23። በሰሌዳ ላይ ስሠራው ሁልጊዜ ከኋላ የሚያጨበጭብ አይጠፋም።

ስሌቱ ቢኖርም ክፍሉ ግን የለም። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን መሥራች ዳንኤል ያዕቆብና ባልደረቦቹ ሊኑክስ ለተባለው ሥርዓተ ክወና የአማርኛ ቅንብር ሲያዘጋጁ የወር ስሞቹ «ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች» ተብለው ገቡ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ተቆጥቷል፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ተቆጥቼ ነበር። ግን ስሞቹን የሚጠራው ያው ስትራክት ቲኤም ነው፤ በውስጡ ያለው 0 ማለት የፈረንጆች የመጀመሪያ ወር ነው እንጂ መስከረም አይደለም። እዚያ ላይ «መስከረም» ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆን ነበር። ሰዎቹ ታማኝ ነበሩ፣ ክፍሉ ነው የሰው ክፍል የሆነው። በኋላ የመጣው አይሲዩ የተባለ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ይሻላል፤ ፖይንተሩን ይሰጥሃል፣ ውስጡን ግን አያሳይህም። የምትጠይቀው በተግባር ስለሆነ ከጀርባው 12 ወርም ይሁን 13 አያስጨንቅህም፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠርም በዓመተ ምሕረትና በዓመተ ዓለም ይዟል።

ይህን ባልሰሙ ሰዎች ሶፍትዌር ውስጥ ግን ያየሁት ጉድ ብዙ ነው። ጳጉሜን ለነሐሴ ሰጥቶ «ነሐሴ 33» የሚል ደረሰኝ የሚያትም አይቻለሁ። ለወር ደመወዝተኛ ጳጉሜን ክፍያ የላትም፤ ታዲያ ምን ያደርግላታል ብሎ ፕሮግራም ጸሐፊው ጨርሶ ይሰርዛታል። የብድር ወለድ ግን በጳጉሜንም ይወልዳል።

አሁን ቡናው። በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ ለእሸት ቡና ጊዜ ሁሉ ነገር ነው። ቀይ ሆኖ የተለቀመ ቡና በዕለቱ መፈልፈያ ካልገባ መፍላት ይጀምራልና ጣዕሙ ይበላሻል፤ ጀንፈል ከሆነ ግን በፀሐይ ደርቆ የሚቆይ ስለሆነ አያስቸኩልም። ስለዚህ የእሸት መዝገብ ሁለት ቀን ይይዛል፤ የተለቀመበትንና የገባበትን። አንድ ተማሪ ለዘመድ መፈልፈያ ጣቢያ ይህንኑ በሲ ጻፈ። ለሁለቱም ሰከንድ የትርጉም ተግባሩን ጠርቶ ሁለት ፖይንተር ተቀበለ፣ ከዚያ ሁለቱን ቀን አተመ። በወቅቱ ማብቂያ መዝገቡ ሲታይ አንዲት ጆንያ እንኳ አላደረችም፤ ሁሉም በተለቀመበት ቀን፣ በተለቀመበት ሰዓት ጭምር ገብቷል። የጣቢያው ኃላፊ ደስታቸውን አልቻሉትም። ሰዓቱ እኩል መሆኑን ያየች ሌላ ተማሪ ናት «ይህ ሰው ቡናውን መፈልፈያው ላይ ቆሞ ነው እንዴ የሚለቅመው?» ያለችው።

ምክንያቱ 7ኛው እትም ነው። ተግባሩ በጠራኸው ቁጥር አዲስ ስትራክቸር አይሠራም፤ ያለውን አንድ የራሱን ስትራክቸር አድሶ የእሱኑ አድራሻ ይመልሳል። ሁለቱ ፖይንተሮች አንድ ሣጥን ነበር የያዙት፤ ሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ደምስሶ ተቀመጠ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማሽን ላይ ሜሞሪ ውድ ነበርና ይህ ብልህነት ነበር። ሣጥኑን ራስህ አዘጋጅተህ አድራሻውን የምትሰጠው ሌላ ተግባር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ፖዚክስ በተባለው ደንብ ገባ፤ በሲ ቋንቋ ዋና ደንብ ውስጥ የተጻፈው ግን በቅርቡ፣ ሲ-23 በተባለው እትም ነው። ተማሪው ያንን ተጠቅሞ አረመው። ስንት ጆንያ አድሮ እንደነበር አብረን አይተናል፤ እዚህ አልጽፈውም።

በ32 ቢት የሚቆጠረው ሰከንድ የሚሞላበት ቀን ጥር 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. መሆኑን ዓለም ሁሉ ያወራል። በእኛ አውጥቶ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም፦ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ገና ከማደሪያቸው አልተነሡም። ከዚያች ሰከንድ በኋላ በ32 ቢት የቀረ ማሽን ቁጥሩ ወደ አሉታ ይገለበጥና ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ማታ ይሆናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው። አዳዲሶቹ ማሽኖች 64 ቢት ስለሚጠቀሙ አያሰጋቸውም። እኔ አንድ አሮጌ ማሽን ለዚህ ትምህርት ብዬ አስቀርቻለሁ። ተማሪዎቹ የመጨረሻዋን ሰከንድ ያስገባሉ፣ 1 ይደምራሉ፣ ከ9ኛዋ በቀር ክፍሎቹ በሙሉ ሲለወጡ ያያሉ። ከዚያ ፖይንተሩን ራሱን እንዲያትሙት አዛቸዋለሁ፤ ከመደመራቸው በፊትም በኋላም አድራሻው ያው ነው።